ሸክሙ የአንድ ሰው አይደለም



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ምእመናን በጻፈው መልእክት፣ አንዱ የሌላውን ሸክም በመሸከም የክርስቶስን ሕግ እንድንፈጽም አዞናል (ገላ. 6፥2)። ይህን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ስለ ምጽዋትና ድኾችን ስለ መርዳት በምንነጋገርበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በገንዘብ የማይለካ፣ በዓይን የማይታይ፣ ተሸካሚውም ሊናገረው የማይደፍረው ሸክም አለ። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱን፣ ማለትም የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት የተነገረው ሰው በልቡ የሚሸከመውን ጭንቀት፣ በቃለ እግዚአብሔር ብርሃን እንመለከታለን።

ስለዚህ ሕመም በየቤታችን እምብዛም አይነገርም። ሕመሙ ያለበት ስፍራ ከሽንትና ከጋብቻ ምሥጢር ጋር የተያያዘ በመሆኑ መናገሩ ነውር ይመስላል። ደግሞም ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባሉ ያደጉ አባቶች፣ ፍርሃታቸውን ለሚስታቸው እንኳ መግለጥ እንደ ውርደት ይቆጥሩታል። በዚህ ላይ ካንሰር የሚለው ስም ራሱ ያስፈራል፤ ብዙዎች ስሙን ላለመጥራት «ያ በሽታ» ብለው ያልፉታል። እንግዲህ ስሙ ካልተጠራ፣ ሕመምተኛው እንዴት ይጠየቃል? እንዴትስ ይጽናናል?

ሕመሙን በስሙ እንጥራው

ፕሮስቴት ከወንዶች የሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ፣ የሽንት መውጫውን ቱቦ ከቦ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር በብዙ ወንዶች ላይ ያድጋል፤ ሽንትን ያውካል፤ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል። ይህ እድገት ሁሉ ካንሰር አይደለም። በሌላ በኩል ካንሰሩ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳለ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ50 ዓመት ጀምሮ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የታመመበት ሰው ደግሞ ከ45 ዓመት ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር እንዲመካከር ይመክራሉ። ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ መገኘቱ ብቻውን ካንሰር ነው ለማለት አያበቃም፤ ቁርጡ የሚታወቀው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ስለ ሆነ ሐኪሙ በየጊዜው እየመረመረ ሊከታተለው ብቻ ይችላል። ሌላው በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ይታከማል። ወደ አጥንት የተዛመተው ደግሞ የወንድነትን ሆርሞን ዝቅ በሚያደርግ ሕክምናና በሌሎች መድኃኒቶች ለዓመታት ሊገታ ይችላል። የደቡብ አፍሪካው የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ይህ ሕመም እንዳለባቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአገራቸውን የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ይመሩ ነበር። እየታከሙ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ2021 በ90 ዓመታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በከተማችን በኮልፌ ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት ኔልሰን ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ2001 ሕመማቸው ለሕዝብ ተገልጦ የጨረር ሕክምና ወሰዱ፤ ከዚያም በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። ይህን የምንጽፈው ሁሉም ሰው እንዲሁ ይሆናል ለማለት አይደለም። ዘግይተው ወደ ሐኪም የሚደርሱ፣ ሕመሙም የሚጸናባቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሕመሙ ስም የሞት ፍርድ አለመሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ፊቱን ወደ ግድግዳ የመለሰው ንጉሥ

ሰው ይህን ዜና ሰምቶ ከሐኪም ቤት ሲወጣ በልቡ የሚመላለሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ የተነገረውን ግማሹን እንኳ አያስታውስም። ቀጥሎ፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ወረቀት በስሕተት የደረሰው ይመስለዋል። ከዚያም ይቈጣል፤ በሐኪሙ፣ በቤተ ሰቡ፣ በእግዚአብሔርም ላይ። በመጨረሻም በሌሊት ብቻውን ሲቀር «በየትኛው ኃጢአቴ ነው?» እያለ ራሱን ይመረምራል።

ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ጌታችን ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ የእርሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው (ዮሐ. 9፥1–3)። ስለዚህ ማንም ሰው በታመመ ወንድሙ ላይ ፈራጅ ሆኖ አይቁም፤ ሕመምተኛውም በራሱ ላይ አይፍረድ።

ስለ ቀሩት ስሜቶች ደግሞ ንጉሡን ሕዝቅያስን እንመልከት (2ኛ ነገ. 20፥1–7)። ለሞት ታምሞ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንደማይድን በነገረው ጊዜ፣ ያ የይሁዳ ንጉሥ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፤ እጅግም አለቀሰ። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ልቅሶ አልነቀፈውም፤ እንዲያውም እግዚአብሔር ጸሎቱን እንደ ሰማ፣ እንባውንም እንዳየ ይናገራል። እንግዲህ ንጉሥ ካለቀሰ፣ የኮተቤ ወይም የፈረንሳይ ለጋሲዮን አባወራ ቢያለቅስ ምን ነውር አለበት? ፍርሃት የእምነት መጉደል አይደለም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ አዝኗል፤ ተጨንቋልም።

ከዚሁ ከጌቴሴማኒ ሌላም ነገር እንማራለን። ጌታችን ወደዚያ ሌሊት ብቻውን አልገባም። ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ገባ፤ ነፍሱ እጅግ እንዳዘነች ነገራቸው፤ ከእርሱ ጋር እንዲተጉም ለመናቸው (ማቴ. 26፥36–38)። የዓለም መድኃኒት ሲሆን፣ ሰው በመሆኑ የወዳጆቹን አጠገቡ መሆን ፈለገ። እርሱ ያላፈረበትን ልመና እኛ ስለ ምን እናፍርበታለን?

የእንጦጦ እናቶች ትምህርት

ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የእነዚህን እናቶች ሸክም አነሣሥ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጭራሮው መሬት ላይ ይታሰራል፤ እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ገመዱን በደረቷ ላይ ታጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ባልንጀራዋ እጇን ይዛ ወይም ሸክሙን ከኋላ ደግፋ ካላስነሣቻት መነሣት ይቸግራታል። መንገዱን በእግሯ የምትሄደው እርሷ ናት፤ ሸክሙም በእርሷ ጀርባ ላይ ነው። ነገር ግን አንሺ ካላገኘች ጉዞዋ አይጀመርም።

የከባድ ሕመም ዜናም እንዲሁ ነው። ሕመሙን በሕመምተኛው ምትክ የሚታመምለት ሰው የለም፤ ቀዶ ሕክምናውንም ጨረሩንም የሚቀበለው እርሱ ራሱ ነው። ይሁን እንጂ አንሺ ያስፈልገዋል። አንሺ የሚገኘው ደግሞ ሸክሙ መኖሩ ሲነገር ነው። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ስለ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ለነፍስም ይሠራል።

ሕመምን የመሸሸግ ልማድ በአገራችን የቆየ ነው። ከእንጦጦ ወርደው ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በጽኑ ታመው በነበረ ጊዜ የሕመማቸው ነገር ለሕዝብ በግልጥ አይነገርም ነበር፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ባረፉም ጊዜ ሞታቸው ተሸሽጎ ቆይቷል። ቤተ መንግሥቱ ይህን ያደረገው ስለ አገር ጸጥታ በመስጋት ነው። በእኛ ቤት ግን ምን ምክንያት አለን?

ዛሬም ብዙ ቤተ ሰቦች የምርመራውን ውጤት ከሐኪሙ ተቀብለው «እንዳይደነግጥ» በማለት ከአባታቸው ይደብቁታል። አባትየውም ሰውነቱ የሚነግረውን እያወቀ፣ ልጆቹ እንዳይጨነቁ ምንም ያልመሰለው ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ያለቅሳሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ፍቅር እውነትን ካጣ ሕመምተኛውን ብቻውን ያስቀረዋል፤ ንስሓ የሚገባበትን፣ የሚታረቅበትን፣ ቤቱን የሚያስተካክልበትን፣ ስለ ሕክምናውም ራሱ የሚወስንበትን ጊዜ ይነጥቀዋል። ስለዚህ እውነቱ ይነገረው። ሲነገረውም በደጅ ወይም በስልክ አይሁን፤ የሚወደው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ በርጋታ፣ የሚጠይቀውን ያህል እየተመለሰለት ይሁን።

ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም

በእንጦጦና በየካ ተራሮች ግርጌ ስንኖር ሌላም ጥያቄ ያጋጥመናል። ወደ ተራራው ጸበል የሚወጡ ብዙ ሕሙማን አሉ፤ ከእኛም ምእመናን መካከል ሕክምናን ትቶ በጸሎት ብቻ መጽናት የበለጠ እምነት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በኤች.አይ.ቪ. የታመሙ ብዙ ወገኖች በእንጦጦ ጸበል ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ አይለይም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ይነግረናል፤ በታመምን ጊዜ እንድንጸልይም፣ ለሐኪም ስፍራ እንድንሰጥም በአንድነት ያዛል። ሕዝቅያስም የዳነው እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ ሳለ፣ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ ካዘዘ በኋላ ነው።

ይህን በምንልበት ጊዜ ምሥጢረ ቀንዲልን ልናስታውስ ይገባል። ብዙ ምእመናን ካህኑን የሚጠሩት ሕመምተኛው ሊያርፍ ሲል ብቻ ስለ ሆነ፣ የካህኑ መምጣት ራሱ የሞት መልእክተኛ መስሎ ይታያል። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ አስታውቋል። በጽኑ ሕመም የተያዘ ሰው፣ ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀውም ሰው፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖ፣ ቤተ ሰቡ በዙሪያው ተሰብስቦ ሊቀበለው ይችላል። ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመው ሰው ራሱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን እንዲጠራ ማዘዙን እናስተውል (ያዕ. 5፥14)። የጠሪው ድምፅ የሕመምተኛው ነው፤ ስለዚህ ሕመሙን የሸሸገ ሰው ይህንንም ጸጋ ያጣል።

ሕመሙ ወደ አጥንት ደርሶ ሥቃዩ በበረታበት ጊዜ ደግሞ፣ ሐኪም ያዘዘውን ብርቱ የሥቃይ ማስታገሻ መውሰድ ኃጢአት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ይህን ፈቅደዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ያጸናዋል። መከራን ለክርስቶስ ማቅረብ ማለት ማስታገሻን መከልከል ማለት አይደለም።

አራቱ ተሸካሚዎች

ወንጌላዊው ማርቆስ በሁለተኛው ምዕራፍ ስለ አንድ ሽባ ሰው ይተርክልናል። አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ሕዝቡ መንገድ ቢዘጋባቸው ጣራውን ነድለው በጌታ ፊት አወረዱት። ጌታም ያየው የእነርሱን እምነት እንደ ነበረ ወንጌሉ ይናገራል። እኛም ለታመመው ወንድማችን አራት ተሸካሚዎች እንፈልግለት።

አንደኛዋ ሚስቱ ናት። ከቀዶ ሕክምና ወይም ከጨረር በኋላ ሽንትን የመቈጣጠር ችግርና የግብረ ሥጋ ድካም ሊያጋጥም ይችላል፤ ሆርሞንን ዝቅ የሚያደርገው ሕክምናም የሰውነት ትኩሳትን፣ ድካምንና ኀዘንን ያመጣል። ባል በዚህ ምክንያት ወንድነቱ የጠፋ መስሎት ከሚስቱ ይርቃል፤ እርሷም የጠላት ይመስላታል። ሁለቱም ይህ የሕክምናው ጠባይ መሆኑን አስቀድመው ከሐኪሙ አብረው ቢሰሙ፣ ብዙ መራራቅ ይቀራል። በቅዱስ ተክሊል የተሳሰሩት በጤናም በሕመምም ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ መቀመጥም የጋብቻ ፍቅር ነው።

ሁለተኞቹ ልጆቹና ዘመዶቹ ናቸው። ወደ ሐኪም ብቻውን አይሂድ። የደነገጠ ሰው የሚነገረውን ስለማይዝ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው ጥያቄዎችን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ መልሱንም ይመዝግብ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ሰጪ ስለ ነበር ወረፋው ረጅም ሆኖ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ጅማን በመሰሉ ሌሎች ከተሞችም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ያም ሆኖ መመላለሱ አድካሚ ነው። ከኮተቤ እስከ ጥቁር አንበሳ አብሮ መሄድ፣ በወረፋው አግዳሚ ላይ አብሮ መቀመጥ፣ ይህ ራሱ ጸሎት ነው።

ሦስተኛው እድሩና ጎረቤቱ ነው። እድራችን ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ይደረድራል፤ ሌሊት ያነጋል። ይህን የመሰለ ፍቅር ያለው ሕዝብ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለጥየቃ መሄድን ለምን ያዘገያል? በድንኳኑ የምናፈሰውን እንባ ሩቡን በአልጋው አጠገብ ብናፈሰው፣ ሟቹ ሳይሆን ሕያው ወንድማችን ይጽናናበት ነበር። ጥያቂዎችም የኢዮብን ወዳጆች ያስታውሱ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ (ኢዮ. 2፥13)፤ ያሳዘኑት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ነው። ስለዚህ «እገሌም እንዲህ ሆኖ ሞተ» አንበል፤ «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» ብለንም እውነቱን አናድበስብስ። «አለሁ» ማለት ይበቃል።

አራተኛው ቁምስናው ነው። በየቁምስናው ያሉ መንፈሳውያን ማኅበራት የታመሙትን በየተራ እንዲጠይቁ፣ ቅዱስ ቁርባንም በቤታቸው እንዲደርሳቸው ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ይህን ሕመም ያለፈበት ሰው አዲስ የታመመውን ቢያነጋግረው፣ የብዙ ሰባክያንን ያህል ይጠቅማል፤ በዚያው መንገድ የሄደ ሰው ነውና። በስድስት ኪሎ በሰዎች ዘንድ «ማዘር ትሬዛ» በሚባለው ቤት፣ የቅድስት ቴሬዛ ዘካልካታ እኅቶች አስታማሚ ያጡትን ሲያስታምሙ እንደ ኖሩ እናውቃለን። የእነርሱን ሥራ ለእነርሱ ብቻ አንተውላቸው። የዓለም የሕሙማን ቀን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ በየካቲት 4 ቀን ይከበራል፤ በዚያ ቀን በየሰበካችን ቢያንስ አንድ ሕመምተኛ እንጠይቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኀዘኑ ሳምንታት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከነሣው፣ ከሰው ከሸሸ፣ መኖር እንደማይፈልግም ከተናገረ፣ ብቻውን አንተወው፤ ቸል ሳንልም ወደ ሐኪም እንውሰደው። የመንፈስ ጭንቀትም እንደ ሌላው ሕመም ይታከማል። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መልአኩን ልኮ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ አስተኛው፤ ደግሞም አበላው (1ኛ ነገ. 19፥4–8)።

የታመምክ ወንድማችን ሆይ፤

ይህን የምታነብ፣ የሐኪሙንም ወረቀት በኪስህ ይዘህ ለማንም ያልተናገርህ ብትሆን፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገር። ለሚስትህ፣ ለወንድምህ፣ ለነፍስ አባትህ፣ ለምታምነው ጎረቤትህ። ቃሉ ከአፍህ ሲወጣ ሕመሙ አይጠፋም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ብቻህን መሆንህ ያበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል አስታውስ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ መከራ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ትምህርታቸውን የደመደሙት ስለ ደጉ ሳምራዊ በማስተማር ነው፤ የአንዱ መከራ በሌላው ልብ ውስጥ ፍቅርን ይቀሰቅሳልና። እንግዲህ ሕመምህን በመናገርህ በወንድሞችህ ላይ ሸክም የምትጭን አይምሰልህ፤ ክርስቶስን የሚያገለግሉበትን በር ትከፍትላቸዋለህ። ጌታችን ራሱ ወደ ጎልጎታ ሲወጣ፣ ከአፍሪካ ምድር የመጣው የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸክሞለታል።

ፈውስ ቢሰጥህ እግዚአብሔርን በጤናህ ታመሰግናለህ። ዘመንህ ቢያጥርም፣ በታረቀ ልብና በወዳጆችህ መካከል ወደ እርሱ ትሄዳለህ። በሁለቱም መንገድ ከአንተ ጋር የሚሄድ አለ።

የሕሙማን ጤና የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ታማልደን። የእግዚአብሔር ጸጋና ሰላም ከታመሙትና ከሚያስታምሟቸው ሁሉ ጋር ይሁን። አሜን።